ያልሰማ ማን አለ?

ባለፈው ወር መታወቂያ ላሳድስ እዚህ ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ቅጹን የምትሞላው ልጅ ቀና ሳትል «ሥራ?» አለችኝ።

«ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«ከምን?»

«ከዌብሳይት ሥራ።»

አሁን ቀና አለች። አይታ አይታኝ አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። ልጄን ይዤ መጥቼ ስለ እሱ የምናገር መስሏት ነው።

«የሚሠሩት ራስዎ ነዎት?»

«ራሴ ነኝ። የዚህን ቀበሌ ስልክ ቁጥር መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ያወጣሁትም እኔው ነኝ።»

ሳቅ አለችና «የግል ሥራ» ብላ ጻፈች። እስከ ቤቴ ድረስ እየተናደድኩ ሄድኩ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የለፋሁበት ሙያ በሁለት ቃል ሲያልቅ ለምን አልናደድ? ቅጹ ላይ ቦታው ከጠበበ እኔ በሰፊው እጽፈዋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ስሜ ዘሃራ ነው። በእኛ በኩል በዕድሜ ከፍ ያለች ሴት በኦሮምኛ «አዴ» እየተባለች ስለምትከበር ከተማው አዴ ዘሃራ ይለኛል። ከዌብሳይቱ በፊት ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ማመልከቻ እተይብ ነበር። ባለጉዳዩ የመሬት ክርክሩን ከአያቱ ይጀምራል። እኔ ሁሉንም እሰማና ዳኛው የሚፈልጋትን ነገር ብቻ አውጥቼ በአንድ ገጽ እጨርስለታለሁ። ጣቴ ፈጣን ነው እየተባለ ከሌሎቹ ጸሐፊዎች ይልቅ እኔ ጋ ይሰለፉ ነበር። በዚህ ጣቴ በጣም እኮራ ነበር፤ ኋላ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

ኮምፒውተር መጥቶ የጽሕፈት መኪናዬን ገበያ ሲያቀዘቅዘው ቃሲም መጣ። ቃሲም የከተማችን ልጅ ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ የኮምፒውተር ትምህርቱን ጨርሶ፣ ጓደኞቹ አዲስ አበባ ሲገቡ እሱ ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራየና «የዌብ ዲዛይን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። አንድ ቀን የንግድ ፈቃዱን ማመልከቻ እየጻፍኩለት ሳለ፣

«አዴ ዘሃራ፣ ለምን እኔ ጋ አይሠሩም?» አለኝ።

«እኔ ከመተየብ ሌላ ምን አውቃለሁ ብለህ ነው?»

«ኮዱን ለእኔ ይተዉት። ደንበኛ ሲያወራ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ነው ያጣሁት።»

ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ እሱን እንለፈው። አለቃዬ በዕድሜ ከእኔ በአሥራ አራት ዓመት ያንሳል። በመጀመሪያው ዓመት ስህተቴን ሲያርም ቃል እየመረጠ ይጨነቅ ነበር። «አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ገጽ አይረባም» ይለኛል። ሳቄ እየመጣ እንደገና እሠራለሁ።

ቃሲም ካስተማረኝ ነገር አብዛኛውን የተማርኩት ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አይደለም። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይይዛል፤ ገበያ ውስጥ ከሚሸጠው ሁሉ ርካሹን። ለራሱ ደህና ስልክ አለው፤ ይሄኛው የሥራ ነው። ገጽ ጨርሰን እፎይ ስንል ያንን ስልክ ያወጣና ደረጃውን ወርዶ ወደ ባጃጅ ተራ ይሄዳል። የማያውቀውን ሰው ይጠራና «ወንድሜ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ የዚህን ሆቴል ስልክ ቁጥር ፈልግልኝ» ብሎ ይለምነዋል። ከዚያ አፉን ይዘጋል። ሰውየው ሲሳሳት አይጠቁመውም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሰውየውን አውራ ጣት ብቻ ያያል፤ የት እንደቆመ፣ የት እንደተመለሰ፣ የት እንደጠፋበት። ሰውየው «የለም እኮ» ብሎ ስልኩን ከመለሰ፣ ቁጥሩ ገጹ ላይ በትልቁ ቢጻፍም ለቃሲም የለም ማለት ነው። ተመልሰን ደረጃውን እንወጣለን። «እኔ እኮ በግልጽ ጽፌዋለሁ!» ብዬ አንድ ሁለቴ ተከራክሬው ነበር። «አዴ፣ ሰውየው አላገኘውም» ይለኛል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም።

እኔም ያመጣሁት ነገር አለ። እዚህ አገር ገጽ በአማርኛም በኦሮምኛም ካልወጣ ግማሹ ሰው ቀርቶብሃል ማለት ነው። ኦሮምኛው በላቲን ሲጻፍ ይረዝማል። ገጹ ላይ በጣት በሚጫኑት፣ ለአማርኛ በተሠራ ቁልፍ ላይ ስታስገባው ጭራው ውጪ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያኔ ሁሉም ሠሪ የኦሮምኛውን ፊደል እያሳነሰ ነበር የሚያስገባው። ይህ አልዋጥልሽ አለኝ። የእናቴ ቋንቋ በምን ዕዳው በመነጽር ይነበባል? ስለዚህ መጀመሪያ ኦሮምኛውን አስቀምጬ ቁልፉን በእሱ ልክ መሥራት ጀመርኩ። አማርኛው ሰፊ አልጋ እንዳገኘ እንግዳ ዘና ብሎ ይተኛበታል። ቃሲም ይህን ሲያይ የድሮዎቹን ገጾች በሙሉ እንደዚያው አስቀየረን። አሁን ከተማው ውስጥ ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው። ማን ጀመረው ቢባል የሚያውቅ የለም፤ እንግዲህ እዚህ ጽፌዋለሁ።

የደንበኞቻችን ነገር ደግሞ የራሱ ጨዋታ አለው። ከአንድ ግንድ ፈልፍለው ባለሦስት እግር ወንበር የሚሠሩ አንድ አዛውንት ደንበኛችን ነበሩ። ፎቶ አንሺያችን ወንበሮቹን አበባ ሥር ደርድሮ አሳምሮ አነሳቸው። ሽማግሌው ፎቶውን አይተው ተቆጡ።

«ወንበር በፊቱ የሚገዛ ማን ነው? ገልብጡት!»

ገለበጥነው። ለካ ሚስማርም ሙጫም የሌለበት፣ እግሩና መቀመጫው አንድ እንጨት መሆኑ የሚታየው ከሥር ነው። የዌብሳይታቸው የመጀመሪያ ፎቶ የተገለበጠ ወንበር ሆነ። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች እየደወሉ «ፎቷችሁ ተገልብጧል፣ አስተካክሉት» ይሉን ነበር። ዕቃ የሚያውቀው ገዢ ግን ፎቶውን አይቶ ነገሩ ይገባው ነበርና ገበያው ደርቶ ሽማግሌው ሁለት ሠራተኛ ጨመሩ።

ሊሙ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያላቸው አንድ ሐጂም ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ያለ ዱዓ የተከፈተ ነገር አይበረክትም ብለው ሽማግሌ ጠሩ። ሽማግሌዎቹ ቡና ከሚሰጣበት አልጋ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው «የሚመረቀው የታለ?» አሉ። ቃሲም ላፕቶፑን የቡናው አልጋ ላይ አኖረው። እነሱ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ የእኔ ዓይን ግን ኔትወርኩ ላይ ነው። «አሚን» ሲባል ቁልፉን ተጫንኩ። ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይከፈትም። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ይጠብቃሉ። አንደኛው፣ «አልደረሰም መሰለኝ፤ እንድገመው» አሉ። ደገሙት። ተከፈተ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐጂ ኔትወርክ በጠፋባቸው ቁጥር ደውለው «ዱዓ ላስደርግ ወይስ ትመጣላችሁ?» ይሉናል።

ከሁሉ በላይ የምወዳት ግን «ምን ተሰማ» ነበረች። «ምን ተሰማ» የከተማ ዜና የምናወጣባት ገጻችን ናት። ማንም አይከፍልባትም፤ ሰው በየቀኑ ኢንተርኔት የሚከፍትበት ምክንያት እንዲኖረው ብሎ ቃሲም ጀመራት፤ የምጽፋት እኔ ነኝ። ውኃ የሚቋረጥበት ሰፈር፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ባለቤቷን ያጣች ፍየል፣ የካምፓስ ልጆችና የከተማ ልጆች የሚጋጠሙበት ኳስ፣ ሠርግና ሞት። አንድ ክረምት የጭነት መኪና ሰርቦ መግቢያ ላይ ተገልብጦ መንገድ ሲዘጋ፣ ቡና የጫኑት ሾፌሮች የእኔን ገጽ አይተው ጅማ ውስጥ ቆዩ። ሲነሱ በቢሯችን በኩል ጡሩምባ እየነፉ አለፉ። መስኮት ላይ ወጥቼ እጄን አውለበለብኩ፤ የዚያን ቀን ኩራቴን የሚችለው አልነበረም።

ሁለት ሰው ያላረጋገጠልኝን ዜና አልጽፍም። በዚህም ምክንያት አንድ ቀን እንኳ «ይቅርታ፣ ተሳስተናል» ብለን አናውቅም። ዌብሳይት ሠርተን ስናስረክብ ደግሞ የደንበኛውን ኮምፒውተር የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። ያኔ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ደንበኛው ኢንተርኔት በከፈተ ቁጥር ከሁሉ በፊት «ምን ተሰማ» ፊቱ ድቅን እንድትል አድርጌ አስቀምጣት ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ብልጠት መስሎኝ ነው። አጋሮም ሰርቦም ሊሙም ያሉ ቢሮዎች ጠዋት ጠዋት የእኔን ጽሑፍ እያዩ ሥራ ይጀምራሉ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

አጋሮ ውስጥ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር አለ። ጸሐፊዋ ነጃት የጅማ ልጅ ናት። የማኅበሩን ዌብሳይት ስናስረክብ ፎቶ መጫን፣ ጽሑፍ መቀየር ሁሉ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቶሎ የሚገባት፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። እናቷ አዴ ሰዓዳ እዚሁ ጅማ መርካቶ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጡ ነበር። በጅማ አዴ ሰዓዳን የማያውቅ ወጥ ሠርቶ የማያውቅ ብቻ ነው።

አዴ ሰዓዳ አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ አረፉ። እኔ ማለዳ ቢሮ ስገባ ጎረቤታቸው ደወለችልኝ። የሰፈሩን መስጊድ ሙአዚን ጠየቅሁ፤ እውነት ነው አሉኝ። ሁለት ሰው ሞላ። ያን ሰሞን የወጣቶች የቴሌግራም ቻናል ተከፍቶ ዜና እየቀደመኝ እልህ ይዞኛል። ቃሲም ሰርቦ ለሥራ ሄዷል። ተቀመጥኩና ጣቴን ለቀቅሁት። «ኢንናሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። በቅመም ንግድ የምናውቃቸው አዴ ሰዓዳ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ቀትር ላይ ከዙህር ሶላት በኋላ ይፈጸማል» ብዬ አወጣሁት። የልጆቹን ቻናል ከፍቼ አየሁ፤ ገና አልጻፉም። ቀደምኳቸው። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ነጃት ልጃቸው መሆኗን አውቅ ነበር። ጎረቤት ከሰማ ልጅማ ሰምታለች ብዬ፣ እንዲያውም ይህንንም በደንብ ሳላስብ አለፍኩት። ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሴት፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከማንም ያላነሰ አውቃለሁ። ሰው ሞተ ተብሎ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌና ዘመድ ይሰባሰባል፤ ማን እንደሚናገር፣ ማን ከጎኗ እንደሚቀመጥ፣ ብትወድቅ ማን እንደሚይዛት ይመከራል። አዴ ሰዓዳ ቤትም ይኸው ሲመከር ነበር። አጎቷ አባ ጀበል ሦስት ሽማግሌና ሁለት አክስት መኪና ላይ ጭነው ወደ አጋሮ ተነሥተዋል። ለነጃት ማንም እንዳይደውል አደራ ተብሏል።

ነጃት በሁለት ሰዓት ቢሮ ገባች። ደብዳቤ ልትልክ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ፊት ለፊቷ እኔ ያስቀመጥኳት ገጽ ላይ የእናቷ ስም ነበር።

የግቢው ጥበቃ ጩኸት ሰምቶ ሲገባ ወለሉ ላይ አገኛት። ውኃ ላምጣ ብሎ ሲወጣ እሷ ተነሥታ፣ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ፣ መንገድ ላይ ያገኘችው ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ሽማግሌዎቹ ወደ አጋሮ ሲሄዱ እሷ ወደ ጅማ ትመጣ ነበር። መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ሊይዟት የሄዱት ሰዎች ባዶ ቢሮ ደረሱ፤ እሷ በማታውቃቸው ሰዎች መሐል እያለቀሰች መጣች። ከተሳፋሪው አንዱ «እባክሽ ዝም በይ፣ ሕፃን ተኝቷል» ብሏት ነበር አሉ።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ከሰዓት በኋላ ለተዕዚያ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሴቶቹ ያሉበት ክፍል ስገባ ነጃት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«አዴ ዘሃራ፣ ሰው ሁሉ መርዶ ሲረዳ የሚይዘው አለ» አለችኝ። «እኔን ማን ያዘኝ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ያንን ነገር እዚያ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት። በእጅዎ። እያየሁ።»

«ውጪ» ያለኝ የለም፤ ራሴ ተነሥቼ ወጣሁ። ዜናውን ከገጹ ሰረዝኩት፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ ሰው የበደልኩት ግን ያን ቀን ነው፤ በእውነተኛ ዜና።

ቃሲም ከሰርቦ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ባጃጅ ተራ ላይ እንደሚያደርገው፣ ሰማኝ። ስጨርስ «ተነሡ፣ አዴ፣ እንሂድ» አለኝና አባ ጀበል ዘንድ ወሰደኝ።

አባ ጀበል በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰላምታችንን በግማሹ ነው የተቀበሉት።

«ሞታችንን ገበያ አወጣችሁት» አሉ።

«ጥፋቱ የቤቱ ነው፤ የቤቱ አባወራ ደግሞ እኔ ነኝ» አለ ቃሲም።

«የለም!» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ። እሱ ከተማ ውስጥም አልነበረም።»

አባ ጀበል ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። ከጎናቸው የነበሩ አንድ ሰው በኦሮምኛ «ይዝጉት፣ ምን ያደርግልናል» አሉ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። «ምን ተሰማ» አለቀላት ብዬ ነበር።

አባ ጀበል በኦሮምኛ «ዲሳ»፣ ተዉአቸው፣ አሏቸውና ወደ እኛ ዞሩ። «ዝጉ አልልም። ውኃ ሲሄድ የምናውቀው ከእናንተ ነው። ግን እናንተ እውነት ነው ወይ ብላችሁ ብቻ ትጠይቃላችሁ። ሞት ሲሆን እሱ አይበቃም። ያልሰማ ማን አለ? ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጻፉ።»

በማግሥቱ ቃሲም ዜና የማስገባበት ቅጽ ላይ አንድ ሣጥን ጨመረ። ሞት የሚል ዜና ስጀምር «ያልሰማ ማን አለ?» ይለኛል። ከቤተሰቡ «ሁሉም ተረድቷል» ያለውን ሰው ስም እስካላስገባሁ ድረስ ዜናውን የማወጣበት ቁልፍ አይሠራም። እኔ ራሴ እንኳ ላልፈው አልችልም፤ እንዲያ አድርግልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቦርሳዬን ይዤ በየከተማው የደንበኞቻችንን ቢሮ ዞርኩ። ሊሙ፣ ሰርቦ፣ አጋሮ። ፊታቸው ያስቀመጥኳትን ገጽ ከየኮምፒውተሩ አንድ በአንድ አነሣሁ። አጋሮ ስደርስ ነጃት በር ከፈተችልኝ፣ ወንበሩን አሳየችኝና ክፍሉን ለቃ ወጣች። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን ደጋግሜ እያረጋገጥኩ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲያ የቴሌግራሙ ልጆች እየደጋገሙ ቀደሙን። ሰው ሞቶ ቻናላቸው ላይ ሲወጣ እኔ የቤተሰብ ሽማግሌ ስልክ ስፈልግ እውላለሁ። አንባቢያችን «ምን ተሰማ ወይስ ምን ቆየ» እያለ ቀለደብን። ችዬ ኖርኩ። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተቀየረ። ቤተሰቦች ራሳቸው ይደውሉልን ጀመር፤ «ልጁ ሚዛን ከተማ ነው ያለው፣ እስኪመጣ ያዙልን» ይሉናል። እንይዛለን። ሠርግ ሳይቀር የሚያማክሩን መጡ። በገንዘብ የማይገኝ ነገር ነው።

ነጃትን ሁለት ጊዜ በአባ ጀበል በኩል ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ሁለቴም «አልተጣላኋትም በሏት» ብላ መለሰች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሩቅ አንገቷን ትሰብርና ታልፋለች። ቢጣሉህ እኮ ይታረቁሃል፤ ያልተጣላህ ሰው በምን ይታረቅሃል? ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነን ኖርን።

ከሥራ ልሰናበት ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አዴ ዘሃራ፣ ነጃት ነኝ።»

ቁጭ አልኩ።

«ወንድሜ አረፈ። ድንገት ነው። አሁን ሱብሒ ላይ።»

«ኢንናሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ የኔ ልጅ።»

«ትንሿ እህቴ ሐያት ሰርቦ ናት። እዚያ ታስተምራለች። አልሰማችም።»

«አይወጣም» አልኳት ቶሎ ብዬ። «ወላሂ አይወጣም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ለሱ አይደለም የደወልኩት። አባ ጀበልና ሽማግሌዎቹ አሁን ይነሣሉ። አክስቶቻችን ያው እንደሚያውቁት አልፈዋል። እኔ ከጀናዛው መለየት አቃተኝ። ልጅቷን የሚይዛት ሴት የለም። እርስዎ ይሂዱልኝ።»

እሺ አልኩ መሰለኝ። ሻሼን እየጠመጠምኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝና የቴሌግራም ቻናሉን ለያዘው ልጅ ደወልኩለት። ገና የሟቹን ስም ስጠራ፣

«ሰምተናል አዴ፣ አላህ ይርሐመው» አለኝ። «ይዘነዋል። ሰርቦ እህት አለችው አሉ፣ እስክትረዳ እየጠበቅን ነው። ያልሰማ ማን አለ ሳይባል እንዴት ይወጣል?»

«ማን አስተማራችሁ?»

«ማን ያስተምረናል? እንዲህ እኮ ነው የሚሠራው» አለኝ ልጁ፣ ጥያቄው ገርሞት።

ስልኩን ዘግቼ ደጃፌ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ለሟቹ ብቻ አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያን ጠዋት በሥራዬ የኮራሁበት ቀን የለም።

አባ ጀበል አርጅተዋል፤ መኪና ውስጥ ደግፈን ነው ያስገባናቸው። እስከ ሰርቦ ማንም ብዙ አልተናገረም። ስንደርስ ሐያት ደብተሮቿን ታቅፋ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ በር ላይ ነበረች። ያኔ እናቷ ሲሞቱ ለቀስተኛ ለማስተናገድ ቤት ውስጥ ትሯሯጥ የነበረች ተማሪ ናት፤ አሁን መምህርት ሆናለች። ሽማግሌዎቹን ስታይ ቆመች። እኔን ስታይ ደብተሮቿን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ምነው? በደህና ነው?»

«እንግባና እንቀመጥ፣ ልጄ» አሉ አባ ጀበል።

ገባን። ከግራዋ ተቀመጥኩ፤ አንድ እጄን በጀርባዋ አዞርኩ፣ በሌላው እጇን ያዝኩ። አባ ጀበል በአላህ ስም ጀመሩ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ ቃል ሳያስቀሩ ነገሯት። ጮኸች። ልትነሣ ሞከረች፤ ይዣት ነበርና አልወደቀችም። ደረቴ ላይ እንዳለች የምታለቅሰውን ሁሉ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ወደ ጅማ ስንመለስ መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ነጃት ናት።

«ተረዳች?»

«ተረድታለች።»

«ማን ይዟታል?»

«እኔ ይዣታለሁ። ይኸው፣ ትከሻዬ ላይ ናት።»

ከጀርባዋ የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል። እህቷን ላገናኛት ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሣ ስል፣

«እንግዲያው አሁን ያውጡት» አለችኝ።